ስንዴያችን ቢጫ ዱቄት አወጣ፤ ልርጭ ወይስ ጊዜው አልፏል?

የጎዛምኗ (መስከረም 5፣ ጠዋት 2፡40)

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ፣ እንኳን አደረሳችሁ። ከማሳ አሁን መመለሴ ስለሆነ ጫማዬን እንኳ ሳላጥብ ነው የምጽፈው።

እኛ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ጎዛምን ውስጥ ነን። ዘንድሮ 3 ቃዳ (አንድ ቃዳ ሩብ ሄክታር ነው) ስንዴ ዘርተናል። ዘሩ ካካባ ነው፣ ከጎረቤት በልዋጭ ያገኘነው። የዘራነው ሐምሌ 10 አካባቢ ነው። እስከ ነሐሴ መጨረሻ ያየው ሁሉ "ዘንድሮስ ጎተራ ይጠባችኋል" ይለን ነበር።

ትናንት አባቴ ማሳውን ዞረው ሲመለሱ የጋቢያቸው ጫፍ ቢጫ ሆኗል። የአደይ አበባ ብናኝ መሰለኝ። ዛሬ ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ አብሬያቸው ወረድኩ። ቅጠሉ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ በመስመር በመስመር ተደርድሯል፣ በልብስ ስፌት መኪና የተሰፋ ነው የሚመስለው። በጣቴ ሳሸው እንደ እርድ ያለ ዱቄት ለቀቀ። የበዛው ታች ረባዳው ላይ ነው፣ እዚያ ጤዛው እስከ ረፋድ ይቆያል። ወደ ተዳፋቱ ስንወጣ ግን አልፎ አልፎ አንድ ሁለት ቅጠል ብቻ ነው ያገኘሁት። ስንዴው አርግዟል፣ ዛላ ግን ገና አላወጣም።

አባቴ ዛሬውኑ ይረጭ ይላሉ። ጎረቤታችን ደግሞ "ዝናቡ ሲያቆም ራሱ ይጠፋል፣ ገንዘባችሁን አትበትኑ" አለን። ከአንድ ሱቅ ግማሽ ጠርሙስ መድኃኒት አምና የተገዛ አለ፣ ወረቀቱ ግን ተልጧል። ይሄ በእርግጥ ዋግ ነው? ከተረጨስ አሁን ነው ወይስ ዛላ ካወጣ በኋላ? እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ፣ የዓመት ቀለባችን ነው።

---

ዋግ ቆጣሪ (መስከረም 5፣ 3፡35)

እህቴ፣ ግማሹን መልስ ራስሽ ጽፈሽዋል። በመስመር የተደረደረ፣ ሲታሽ ቢጫ ዱቄት የሚለቅ፣ ጤዛ ከሚቆይበት ረባዳ የሚነሳ። ይሄ ቢጫ ዋግ ነው። እኔ በምርምር ጣቢያ ማሳ ላይ ለዓመታት ዋግ ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ትንሽ ረዘም ብዬ ልጻፍልሽ።

ከመርጨታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ተመለሺና ነጭ ሶፍት ይዘሽ ቅጠሉን ጠረግ አድርጊው። ቢጫ ቅጠል ሁሉ ዋግ አይደለም። ዩሪያ ያነሰው ስንዴም ይገረጣል፣ ግን መጀመሪያ የሚገረጡት የታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ናቸው፣ ሶፍቱም ንጹሕ ሆኖ ይመለሳል። ሴፕቶሪያ የሚባለው ሌላው የፈንገስ በሽታ ደግሞ ቅጠሉን ቡናማ አድርጎ ያደርቀዋል፣ የደረቀው ላይ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት የሚመስል ጥቃቅን ጥቁር ነጥብ ታያለሽ፣ ግን በጣት አይነሳም። ሶፍቱ ላይ ቢጫ መስመር ከቀረ ዋግ ነው።

ዋግ ራሱ ሦስት ዓይነት ነው። ቢጫው አንቺ ያየሽው ነው። የቅጠል ዋግ ብርቱካናማ ወደ ቡናማ የሚያደላ ነው፣ ክብ ክብ ሆኖ ያለ ሥርዓት ይበተናል። ግንድ ዋግ ደግሞ እንደ ሸክላ የቀላ ነው፣ አገዳው ላይ ይወጣል፣ ቆዳውን ቀዶ ነው የሚወጣው፣ በጣትሽ ብትነኪው ሻካራነቱ ይታወቅሻል። ግንድ ዋግ ሞቅ ያለ አየር ይወዳል። ቢጫው ብርድና እርጥበት ይወዳል፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያለው አየር ይስማማዋል።

ጎረቤታችሁ ያሉት ጭራሽ ሐሰት አይደለም። ፀሐይ ከጠናና ሌሊቱ ከሞቀ ቢጫ ዋግ ይዳከማል። ግን መስከረም ላይ የጎዛምን ሌሊት መቼ ይሞቃል? ዝናብ ቢያቆምም ጤዛ አለ። ለፈንገሱ ቅጠሉ ላይ ለጥቂት ሰዓት የቆየ እርጥበት ይበቃዋል። ዛሬ ነፋስ የወሰደው ዱቄት ያረፈበት ቅጠል በሁለት ሳምንት ገደማ የራሱን ዱቄት ይለቃል፣ ያ ደግሞ ለሌላው። ዛሬ ረባዳው ላይ ያየሽው መስከረም መጨረሻ ላይ ተዳፋቱን ይዞት ታገኚዋለሽ።

ስለዚህ ርጩ። አሁን። ስንዴው አርግዟል ካልሽ የመጨረሻው ቅጠል ወጥቷል ማለት ነው። ፍሬውን የሚሞላው በአብዛኛው እሱና ከሱ በታች ያለው ቅጠል፣ ከዛላው ጋር ነው። እነሱን ካዳንሽ ምርቱን አዳንሽ። የሞተ ቅጠል በምንም መድኃኒት አይነሳም።

ያንን ወረቀት የሌለውን ጠርሙስ ግን እንዳትነኩት። ምን እንደሆነ አይታወቅም።

---

ባለ ማቻከል (መስከረም 5፣ 6፡10)

ልጄ፣ የአባትሽን ስሚ። እኔ እንደ ጎረቤታችሁ ሆኜ የቀረሁበትን ዓመት ልንገርሽ።

የ2002 ክረምት ነው፣ 2003 ሲጠባ። ያኔ አገሩ ሁሉ ኩብሳ የሚባለውን የስንዴ ዝርያ ነበር የሚዘራው። ምርቱ ጥሩ፣ እንጀራውም ዳቦውም ጥሩ። እንቁጣጣሽ ሰሞን ቅጠሉ ላይ ቢጫ አየሁ። "ያልፋል" አልኩ። ሳምንት ቆየሁ። ሁለት ሳምንት ቆየሁ። ለመስቀል ከዘመድ ቤት ውዬ ስመለስ ማሳው ከሩቅ ቢጫ ሆኖ ጠበቀኝ፣ የበሰለ ነው የሚመስለው። በመካከሉ ባለፍኩ ጊዜ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ተቀባ። ውሻዬ ሳይቀር ቢጫ ሆኖ ወጣ። ያን ጊዜ መድኃኒት ፍለጋ ከተማ ብወጣ አልቋል አሉኝ።

ኅዳር ላይ ዛላው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከባድ ቢሆን ያጎነብስ ነበር። አውድማ ላይ በሬው ይዞራል፣ ይዞራል፣ የሚወጣው ገለባ ነው። ፍሬው እንደ ከሙን የቀጠነ፣ ወደ ነፋስ ሲሰጥ ከገለባው ጋር የሚሄድ። ባለቤቴ አንድ እፍኝ አንሥታ ዝም ብላ መልሳ አፈሰሰችው። ምንም አላለችኝም። እስከ ዛሬ ያቺ ዝምታዋ አለች።

አሁን ያልገባኝ አንድ ነገር አለ። ኩብሳ ሲመጣ "ዋግ አይነካውም" ተብለን ነው። ለዓመታት አልነካውም። ታዲያ ዘሩ ለምን ከዳን? አንተ ዋግ ቆጣሪ ያልከው ልጅ ታውቅ እንደሆነ ንገረኝ።

---

የቡሬው (መስከረም 5፣ 7፡25)

መድኃኒቱ ውድ ነው፣ ሁሉም አያገኘውም። እኛ ጋ አመድ የሚነሰንሱ አሉ፣ የላም ሽንት በውኃ አቅጥነው የሚረጩም አሉ። ደግሞ ለከርሞ ሰብል ማፈራረቅ ነው፣ ስንዴ በስንዴ ላይ መዝራት ነው በሽታውን ያመጣው። በቆሎ ወይ ባቄላ ቢገባበት ይጠፋል። ገለባውን ማቃጠልም አለ።

---

ዋግ ቆጣሪ (መስከረም 5፣ ማታ 1፡50)

@የቡሬው ወንድሜ፣ ማፈራረቁን አልጣልም፣ ለመሬቱም ለሴፕቶሪያም ጥሩ ነው። ሴፕቶሪያ በገለባ ላይ ከርሞ ስለሚመለስ። ዋግ ግን ሌላ ጠባይ አለው። በሕይወት ያለ ተክል ካልሆነ አይኖርም። በደረቀ ገለባ አይከርምም፣ ስለዚህ ገለባውን ብታቃጥለው የከብትህን መኖ ታጣለህ እንጂ ቢጫ ዋግን አትቀንስም። የሚመጣው በነፋስ ነው። ያንተ ማሳ ባቄላ ቢሆን፣ ወንዝ ማዶ ያለው ስንዴ ለከርሞ ስንዴህ ይልክልሃል። ዋግ የሚያድርባቸው ሳይዘራ በየጥጉ የሚበቅለው የገቦ ስንዴና ከወቅቱ ውጪ የሚዘራው ስንዴ ናቸው። ገቦውን ማረስ፣ መንቀል፣ በከብት ማስበላት ይጠቅማል።

አመዱም ሽንቱም፣ ፈንገሱ አንዴ ቅጠሉ ውስጥ ከገባ በኋላ አይደርሱበትም። ላይ ያለውን ዱቄት ቢያረግፉ እንኳ ፈንገሱ ራሱ ቅጠሉ ውስጥ ነው ያለው። በአቅም ምክንያት ነው የሚደረገው፣ ይገባኛል። ግን ሰው እሱን ሲሞክር 10 ቀን ያልፍበታል፣ በዋግ ዘመን 10 ቀን ብዙ ነው።

@ባለ ማቻከል አባቴ፣ ታሪክዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያን ዓመት እኔም አስታውሳለሁ። የጠየቁት ነገር የምርምሩ ሁሉ ልብ ነው፣ እንደምችለው ልመልስ።

ዘሩ አልተለወጠም። የተለወጠው ዋጉ ነው። ኩብሳ ውስጥ ቢጫ ዋግን የሚከለክል አንድ ዋና ዘረመል ነበር። እንደ አንድ ቁልፍ ያለው በር ይቁጠሩት። ፈንገሱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዱቄት ያወጣል፣ ከዚያ ሁሉ መካከል አንዱ በአጋጣሚ ተለውጦ ያን ቁልፍ የሚከፍት ሆኖ ይገኛል። አገሩ ሁሉ ኩብሳ ስለሆነ ያ አንዱ የሚያገኘው በር ሁሉ ይከፈትለታል። በ2003 የሆነው ይሄ ነው። ጋላማ የሚባለውም ዝርያ አብሮ ተመታ።

ከዚያ ሰው ዲጋሉ ወደሚባለው ዝርያ ዞረ። ዲጋሉ ቢጫ ዋግን በደንብ ቻለ። በ2006 ግን ባሌና አርሲ ላይ አዲስ የግንድ ዋግ ዘር መጣና ዲጋሉን ለይቶ መታው። ያኔ ሁሉም የሚፈራው ዩጂ 99 የሚባለውን የግንድ ዋግ ዘር፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ዩጋንዳ ውስጥ የተገኘውን ነበር። ዲጋሉን የጣለው ግን እሱ አልነበረም፣ ሌላ ነው። በፈራነው በር ሳይሆን ባልጠበቅነው ገባ።

ካካባ እና ዳንዳአ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጡ ናቸው፣ በዚያው የመከራ ዓመት። ኩብሳን ተክተው ብዙ ቤት አድነዋል። አሁን ግን ካካባም ለቢጫ ዋግ ተጋላጭ ሆኗል። የጎዛምኗ እህታችን የምታየው ይሄንኑ ነው።

እንዴት እንደሚታወቅ ደግሞ ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው አይቶት ስለማያውቅ። እኛ የምንፈትናቸውን ዝርያዎች በአጭር በአጭር መስመር እንዘራለን። በዙሪያቸው ሞሮኮ የሚባል ዋግ የማይምረው ስንዴ እንዘራለን፣ ሆን ብለን በሽታውን እንዲጠራልን። ከዚያ በየሳምንቱ ማስታወሻ ይዞ መዞር ነው። ቅጠሉ ከመቶ ስንት እጁ እንደተሸፈነ ይጻፋል፣ ቀጥሎ ተክሉ እንዴት እንደተቀበለው ይጻፋል። አንዳንዱ ላይ ነጠብጣቡ ትንሽ ሆኖ ዙሪያው የሞተ ነጭ ቆዳ ታያለህ፣ ተክሉ ራሱን ቆርጦ በሽታውን አስርቦታል ማለት ነው። ሌላው ላይ ዱቄቱ እንደ ልቡ ይፈነዳል። የታመመውን ቅጠል በወረቀት ፖስታ ይዘን ወደ ቤተ ሙከራ እንልካለን። የግንድ ዋጉ አምቦ ላይ ይመረመራል። ወደ ዴንማርክና ወደ አሜሪካ ሚኒሶታ የሚሄድም አለ፣ በዓለም ላይ ከሚዞሩት የዋግ ዘሮች ጋር ይመሳከራል። ከዚያ ነው "ይሄ አዲስ ነው" ወይም "ይሄ የአምናው ነው" የሚባለው።

ለዚህ ነው የስንዴ ዝርያ የሚያሻሽሉት ተመራማሪዎች አሁን ባንድ ቁልፍ አንታመንም የሚሉት። ትንንሽ ብዙ ዘረመሎችን አንድ ዝርያ ላይ ያከማቻሉ። እንዲህ ያለው ስንዴ ይታመማል፣ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚታመመው፣ ዋጉ ሳያሸንፈው ይደርሳል። ንጹሕ ማሳ ለለመደ ገበሬ ነጠብጣብ ማየት ያስደነግጣል፣ እኔ ግን ከንጹሑ ይልቅ እሱን አምናለሁ።

---

የደምበጫው ረጪ (መስከረም 5፣ ማታ 2፡30)

እኛ በማኅበር ተደራጅተን የሰው ማሳ የምንረጭ ልጆች ነን። ስለ አረጫጨቱ እኔ ልናገር፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ጥሩ ሆኖ አረጫጨቱ ነው የሚያበላሸው።

መጀመሪያ የጀርባ መርጫውን እጠቡት። በሳሙና፣ ሦስት ጊዜ። የአረም መድኃኒት ተርፎበት ስንዴ ያቃጠለ አይቻለሁ። ቀጥሎ ኖዝሉን አውጥታችሁ በጥርስ ብሩሽ ጥረጉት፣ በአፍ መንፋት የለም።

ከዚያ በውኃ ብቻ ሞክሩት። 10 በ10 ሜትር የሆነ ቦታ በገመድ ለኩ። የታወቀ ውኃ ሙሉና በምትረጩበት እርምጃ ርጩት፣ ሲያልቅ ምን ያህል እንደጎደለ እዩ። 2 ሊትር ከሄደ በሄክታር 200 ሊትር ማለት ነው፣ ጥሩ ነው። 1 ሊትር ብቻ ከሄደ እየሮጣችሁ ነው። 4 ከሄደ እየቆማችሁ ነው።

በዚህ ልክ ለአንድ ቃዳ 50 ሊትር ውኃ ይበቃል። መድኃኒቱ ወረቀቱ ላይ በሄክታር ግማሽ ሊትር የሚል ከሆነ፣ ቲልትን የመሳሰሉት እንዲህ ናቸው፣ ለቃዳ 125 ሚሊ ሊትር ነው። በ16 ሊትሩ መርጫ ለአንድ ሙሌት 40 ሚሊ፣ በ20 ሊትሩ 50 ሚሊ። ልኩን ግን ሁልጊዜ ከጠርሙሱ ወረቀት አንብቡ፣ ከኔ አትውሰዱ፣ መድኃኒቱ ሲለያይ ልኩም ይለያያል። በቆርኪ የሚለካ ሰው አለ፣ ቆርኪ ግን ከቆርኪ ይለያል። የሽሮፕ መለኪያ ከፋርማሲ ግዙ፣ ከዚያ በኋላ ወጥ ቤት እንዳይገባ።

ጤዛው ከደረቀ በኋላ ነፋስ ሳይነሣ ርጩ፣ ከ3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ያለው ጥሩ ነው። ደመና ካያችሁ ጠብቁ፣ ወዲያው ዝናብ ከመታው ያጥበዋል። ጓንት፣ ጭንብል፣ ረጅም እጅጌ። ነፋሱን በጀርባችሁ አድርጉ። እየረጩ መብላት፣ ሲጋራ፣ ውኃ መጠጣት የለም። ባዶውን ጠርሙስ ዘይት መያዣ ያደረጉ ቤቶች አውቃለሁ፣ በልጅ የሚደርሰውን ብታዩ አታደርጉትም፤ ብሱትና ሰው ከማይደርስበት ቅበሩት።

---

የጎዛምኗ (መስከረም 6፣ ጠዋት 1፡15)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሶፍቱን ሞከርኩት፣ ቢጫ ሆኖ ወጣ። ለአባቴ የማቻከሉን አባት ጽሑፍ አነበብኩላቸው። እፍኙ ጋ ስደርስ "በቃ" አሉኝ።

ከደብረ ማርቆስ ወረቀቱ ያለበት ገዝተናል፣ ቀኑም አላለፈም። ስሙ ቲልት ነው፣ በሄክታር ግማሽ ሊትር ይላል። ነገ ጠዋት እንረጫለን። አንድ ጥያቄ፦ አንድ ጊዜ ከረጨን ይበቃል? ሌላው ደግሞ ረባዳውን ብቻ ብንረጭስ?

---

ዋግ ቆጣሪ (መስከረም 6፣ 1፡50)

ሁሉንም ርጩ። ረባዳው ላይ ያለው ይታያል፣ ተዳፋቱ ላይ ያለው ገና ከቅጠሉ ውስጥ ነው። ዓይን የሚያየው ዘግይቶ ነው።

አንድ ጊዜ ይበቃ እንደሆነ ስንዴው ይነግርሻል። ከ15 ቀን በኋላ ሶፍትሽን ይዘሽ ውረጂ። የላይኛው ቅጠል ንጹሕ ከሆነ በቃ። አዲስ ዱቄት ካገኘሽ ዛላው ሲወጣ አንድ ጊዜ ደግሞ። ሁለተኛው ከሆነ ከተቻለ ሌላ ወገን መድኃኒት የተቀላቀለበትን ፈልጉ፣ አንዱን መድኃኒት እየደጋገሙ ፈንገሱን ማለማመድ ጥሩ አይደለም። ከአጨዳ በፊት ስንት ቀን መቆየት እንዳለበትም ወረቀቱ ላይ አለ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ከማሳው መካከል ሁለት ሜትር ስፋት ያላት አንዲት መስመር ሳትረጩ ተዉ። አባትሽ ቅር ይላቸው ይሆናል። ግን ሲታጨድ ከሁለቱ አንድ አንድ ካሬ ሜትር ሦስት ሦስት ቦታ ለይታችሁ አጭዳችሁ ብትመዝኑ፣ መድኃኒቱ ዋጋውን አውጥቶ እንደሆነ በራሳችሁ ማሳ ታውቁታላችሁ። እኛም ጣቢያ ላይ የምንሠራው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

---

ከሜጫ (መስከረም 6፣ 4፡00)

ገቦውን ስላነሣችሁ እኔም የኛን ልጨምር። እኛ ቆጋ መስኖ ላይ ነን፣ መራዊ አካባቢ። በበጋ ስንዴ ከተጀመረ ወዲህ ስንዴ ከማሳ የሚጠፋበት ወር አጠረ። የበጋው ሲደርስ የክረምቱ ሊዘራ ነው። ለቀለባችን ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም። ግን ያ ሁሉ አረንጓዴ ለዋግም ድልድይ ነው። እኔ ጋ በመጋቢት የቀረ ዋግ እናንተ ጋ በነሐሴ ሊደርስ ይችላል፣ ነፋስ ወረዳ አያውቅም። ስለዚህ በመስኖ ላይ ያለነውም ዋግ ስናይ "የበጋ ነው፣ ይደርቃል" ብለን መተው የለብንም። ለልማት ሠራተኛችን እንንገር። ከየቦታው የሚሰበሰበው ወሬ ከነፋሱና ከአየር ጠባዩ ትንበያ ጋር ተደምሮ ነው የዋግ ማስጠንቀቂያ የሚወጣው። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሰዎችና የእንግሊዝ ሜትዮሮሎጂ መሥሪያ ቤት ከኛው ግብርና ምርምር ጋር ይሠሩታል። ከታች ወሬ ካልደረሰ ከላይ ትንበያ የለም።

8028 ብትደውሉም በአማርኛ የእርሻ ምክር አለ።

---

የጮቄ ሥር (መስከረም 7፣ 2፡20)

በስንዴው መሐል ገባሁ ይቅርታ። እኛ ቢቡኝ ነን። ባቄላችን ቅጠሉ ተጨማዶ እብጠት እብጠት ይዟል፣ መጀመሪያ አረንጓዴ ነው በኋላ ይቡናል። ቆርምድ ነው ይሉታል። ይሄም በስንዴው መድኃኒት ይረጫል?

---

ዋግ ቆጣሪ (መስከረም 7፣ 3፡00)

በግምት አትርጩት። ቆርምድ ከዋግ በጣም የተለየ ፈንገስ ነው፣ እሱ በውኃና በእርጥብ አፈር ነው የሚሄደው፣ ከታመመ ተክል ቅሪትም ይነሣል። ስለዚህ ለሱ ማፈራረቅም፣ ውኃ ማንጣፈፍም፣ ቅሪቱን ከማሳ ማውጣትም ይሠራሉ። ባይሌተን የሚባለው መድኃኒት በዘርም በቅጠልም ተሞክሮ ይረዳል፣ ግን በጊዜ ሲሆን ነው። ቅጠሉን ይዘህ ለልማት ሠራተኛው አሳየው፣ ቸኮሌት ስፖት ከሚባለው ሌላ የባቄላ በሽታ ጋር እንዳይምታታ። ያኛው ቡናማ ነጠብጣብ ነው፣ እብጠት የለውም።

---

የጎዛምኗ (መስከረም 23፣ ማታ 1፡00)

ከረጨን 16 ቀን ሆነን። ዛሬ ሶፍቴን ይዤ ወረድኩ። የተረጨው የላይኛው ቅጠል ንጹሕ ነው። የታችኛው ላይ የድሮው ነጠብጣብ አለ፣ ግን ደርቋል፣ ዱቄት የለውም። ሁለተኛ አልረጨንም።

ያልተረጨችዋ መስመር ከመንገድ ትታያለች። አባቴ ባለፉ ቁጥር ወደዚያ አያዩም። ጎረቤታችን ግን ትናንት መጥተው ሁለቱን ቅጠል ቀጥፈው ጎን ለጎን ይዘው ብዙ ቆሙ። ዛሬ ጠዋት መርጫችንን ተውሰው ሄዱ። አጥበን ነው የሰጠናቸው።

---

የጎዛምኗ (ኅዳር 27፣ ጠዋት 3፡10)

ቃሌን ለመጠበቅ ነው። ዋግ ቆጣሪ እንዳለው ከሁለቱም ሦስት ሦስት ቦታ አንድ አንድ ካሬ ሜትር በገመድ ለክተን አጨድን፣ በዱላ ወቃን፣ ከሰፈር ሱቅ ሚዛን ተውሰን መዘንን። ከተረጨው በአማካይ 390 ግራም ወጣ። ካልተረጨው 215። ፍሬውን እጄ ላይ አስቀምጬ አየሁት፤ የተረጨው ሆዱ ሙሉ ነው፣ ያልተረጨው መሐሉ ገብቷል፣ ቆዳው ተሸብሽቧል።

አባቴ ሁለቱን በሁለት ሰሐን አድርገው ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ ያሳያሉ።

አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ለከርሞ ዘር ከዚህ ልናስቀር ነበር። የታመመ ማሳ ዘር በሽታውን ይዞ ይሄዳል?

---

ዋግ ቆጣሪ (ኅዳር 27፣ 4፡30)

እህቴ፣ ደስ አሰኘሽኝ። ሚዛኑን ያዢው፣ በየዓመቱ ይጠቅምሻል።

ዋግ በዘር አይተላለፍም። እንደ ገብስ አረማሞ አይደለም፣ አረማሞ ፍሬው ውስጥ ተደብቆ ይከርምና ተክሉ ሲያድግ ዛላውን ጥቁር ጥላሸት ያደርገዋል፣ ለሱ ዘሩ ራሱ በመድኃኒት መታሸት አለበት። የዋግ ችግሩ ሌላ ነው። ያልተረጨው ፍሬ ቀጭን ስለሆነ ችግኙ ደካማ ይሆናል፣ እሱን ለዘር አታድርጉት። የተረጨው ይበቅላል፣ ግን ካካባ ነው። ከርሞም መስከረም ላይ ሶፍት ይዘሽ እዚያው ረባዳ ላይ ነው የምትቆሚው።

ከተቻለ ሁለት ዓይነት ዝርያ ዝሩ፣ አንዱ ቢመታ አንዱ እንዲተርፍ። ለእናንተ ደጋ የሚስማማውን አዴት ምርምር ማዕከል ያሉት ያውቃሉ፣ በወረዳችሁ ግብርና በኩል አስጠይቁ። ዩሪያውንም ከሚመከረው በላይ አታብዙበት፣ የለመለመና የተጠጋጋ ስንዴ ጤዛ ያቆያል።

---

የጎዛምኗ (ኅዳር 27፣ 5፡15)

ለአባቴ ነገርኳቸው። "እንግዲያው ከጥር በፊት እንጠይቅ፣ ግንቦት ላይ ወረፋው አያስቀርብም" አሉ። ሰኞ ወደ ወረዳው ይሄዳሉ፤ ሁለቱን ሰሐንም በፌስታል ቋጥሬ አብሬ እልክላቸዋለሁ።